ዳካርባዚንና ታሞክሲፌን ለተስፋፋ ሜላኖማ፦ ባሕር ዳር ላይ ለሚታከሙና ለሚያስታምሙ

ተረከዝ ላይ የወጣው ጥቁር ነገር ቆስሎ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ወጥቶ፣ ራጁ ደግሞ ሳንባ ላይ ነጠብጣብ ካሳየ በሽታው በቀዶ ሕክምና ብቻ ከሚድንበት ደረጃ አልፏል። ከዚህ በኋላ ያለው ሕክምና በደም ሥር የሚገባ ወይም የሚዋጥ መድኃኒት ነው። እዚህ ደረጃ ለደረሰ ሜላኖማ (ለቆዳ ቀለም ከሚሰጡት ሴሎች ለሚነሣ ካንሰር) ለብዙ ዓመታት ዋናው ኬሞ ዳካርባዚን ነበር። መድኃኒቱ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። ከእርሱ ጋር ታሞክሲፌን የሚባለውን የሆርሞን መድኃኒት መስጠት ደግሞ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ በሰፊው ተሞክሯል። ታሞክሲፌን ለጡት ካንሰር ስለሚሰጥ በቀላሉ ይገኛል፣ ከኬሞውም ይረክሳል። ስለዚህ «እሱንም ጨምሩበት» የሚል ምክር ዛሬም ከሐኪምም ከዘመድም ይመጣል።

አቋማችንን ከመነሻው ብናስቀምጠው ይሻላል፦ ታሞክሲፌኑ ዕድሜ አይጨምርም። ዳካርባዚኑን ብቻውን፣ መጠኑና የመድኃኒቱ ቅዝቃዜ ተጠብቆ፣ የታማሚው ትኩሳት እየተለካ መስጠት ከጥምሩ ይበልጣል። ሐኪሙ አስቦበት ጥምሩን ካዘዘ ግን አሰጣጡንም አደጋውንም ማወቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ የፓቶሎጂ (የሥጋ ናሙና ምርመራ) ወረቀት

በእኛ አገር ሜላኖማ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ፊት ላይ ሳይሆን ውስጥ እግር፣ ተረከዝ ወይም ጥፍር ሥር ነው። ባዶ እግሩን ደንገልና ጭቃ ውስጥ የሚውል ሰው እሾህ ወጋኝ፣ ድንጋይ መታኝ፣ ኪንታሮት ነው እያለ ወራት ያሳልፋል። ውስጥ እግር ላይ ያለ ቁስል ከ1 ወር በላይ አልሽር ካለ፣ ጠርዙ ከጠቆረ ወይም ጥቁሩ እየሰፋ ከሄደ ናሙና ይወሰድ። ሜላኖማ ሁልጊዜ ጥቁር አይደለም፤ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ሆኖ የሚደማም አለ፣ እርሱም ይበልጥ ያሳስታል።

ጥቁሩን በአሲድ ወይም በጋለ ብረት ማቃጠል፣ በምላጭም ከላይ ከላይ መላጥ ጥልቀቱ የሚለካበትን ሥጋ ያጠፋል። የተቆረጠው ሥጋ 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፎርማሊኑ ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ይሁን። በውሃ ወይም በጉሉኮስ ውስጥ ተነክሮ የዋለ ሥጋ ይበሰብሳል፣ ባለሙያውም ሊያነበው አይችልም። ብልቃጡን ይዞ ወደ ላቦራቶሪ የሚሄደው አስታማሚ ከሆነ ስሙና የተወሰደበት ቦታ በክዳኑ ላይ ሳይሆን በብልቃጡ ገላ ላይ መጻፉን ይመልከት፤ ክዳን ይለዋወጣል።

ውጤቱ ሲመጣ የጥልቀቱን ልክ በሚሊሜትር፣ ላዩ ቆስሎ እንደሆነና የተቆረጠበት ጠርዝ ንጹሕ መሆኑን ማካተት አለበት። ወረቀቱን ኮፒ አድርጋችሁ ዋናውን ቤት አስቀምጡ። መደምደሚያው ስኳመስ የሚል ከሆነ፣ ማለትም ከድሮ የቃጠሎ ጠባሳ ላይ ወይም አልቢኒዝም ባለበት ሰው ላይ በብዛት የሚወጣው ካንሰር ከሆነ፣ ከዚህ በታች ያለው መጠን አይመለከታችሁም። የዚያ ኬሞው ሌላ ነው፣ ታሞክሲፌንም ቦታ የለውም።

የሆርሞኑ ሐሳብ ከየት መጣ፣ ምንስ ሆኖ ቀረ

በእርግዝና ጊዜ ፊት ላይ ማድያት የሚወጣው ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች የሴት ሆርሞን ስለሚሰማቸው ነው። ሜላኖማ የሚነሣው ከእነዚሁ ሴሎች ስለሆነ፣ ሆርሞኑን መዝጋት ካንሰሩን ያዳክመዋል ብሎ ማሰብ ምክንያት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1992 የታተመ የጣሊያን ጥናት ደግሞ ተስፋውን አጠናከረው። በ117 ታማሚዎች ላይ ዳካርባዚን ብቻውን ሲሰጥ ከ100 ሰው የ12ቱ እጢ አነሰ፤ ታሞክሲፌን ሲጨመርበት 28 ሆነ። በሕይወት የመቆያ አማካይ ጊዜውም ከ29 ሳምንት ወደ 48 ሳምንት ከፍ አለ፤ ጥቅሙ ጎልቶ የታየው በሴቶች ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጡት ሰፋ ያሉ ጥናቶች ይህን መድገም አልቻሉም። በ1996 የካናዳ፣ በ1998 የአሜሪካ ሐኪሞች ባወጡት ውጤት ታሞክሲፌን የወሰደውና ያልወሰደው እኩል ኖረ። በ1999 ደግሞ ዳካርባዚን፣ ሲስፕላቲን፣ ካርሙስቲንና ታሞክሲፌን አንድ ላይ የሚሰጡበት ዳርትማውዝ የተባለው ቅንጅት በ240 ሰዎች ላይ ከዳካርባዚን ብቻ ጋር ተነጻጸረ። የሁለቱም ቡድን በሕይወት የመቆያ አማካይ ጊዜ 7 ወር ገደማ ሆነ፤ ባለ አራቱ ግን ደም አሳነሰ፣ አስመለሰ፣ አደከመ። አራት መድኃኒት የሚል ወረቀት ከተሰጣችሁ «ከአንዱ ይልቅ አራቱ ምን ይጨምርልናል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥያቄው ሐኪሙን መድፈር አይደለም።

ከመጀመሪያው መርፌ በፊት

ከጤና ጣቢያ ወይም ከወረዳ ሆስፒታል የተጻፈ ሪፈር ይዛችሁ ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ግዮን ስትቀርቡ፣ የጤና መድን ደብተራችሁ መታደሱን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ቀጥሎ የደም ምርመራ ነው፦ ኒውትሮፊል (ኢንፌክሽን የሚከላከለው ነጭ የደም ሴል) ከ1500 በላይ፣ ፕሌትሌት (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ሴል) ከ100,000 በላይ፣ የጉበትና የኩላሊት ምርመራ፣ ኤልዲኤች (የበሽታውን ክብደት የሚጠቁም የደም ኢንዛይም)፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ ኤች አይ ቪ። ለመውለድ ዕድሜ ላይ ላለች ሴት የእርግዝና ምርመራ ግዴታ ነው፤ ሁለቱም መድኃኒቶች ጽንስ ይጎዳሉ። ራስ ምታት፣ የአንድ ወገን መድከም ወይም መንቀጥቀጥ ካለ የጭንቅላት ሲቲ ይቅደም። ዳካርባዚን ወደ አንጎል የሚደርሰው በጥቂቱ ስለሆነ እዚያ ያለውን እጢ አይነካውም።

መጠኑ የሚሠራው በሰውነት ስፋት ነው። ቁመትን በሴንቲሜትር በክብደት አባዙ፣ ለ3600 አካፍሉ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩቱን አውጡ። 162 ሴንቲሜትር የሆነችና 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት 8100 ለ3600 ሲካፈል 2.25፣ ስኩዌር ሩቱ 1.5 ስኩዌር ሜትር ትሆናለች። ጫማ አድርጎ ጋቢ ለብሶ የተመዘነ ሰው ያለ አግባብ መጠኑ ይጨምራል፤ አውልቆ ይመዘን። በየዙሩ መመዘን አለበት፣ ክብደቱ በ10 በመቶ ከተለወጠ ስሌቱ እንደገና ይሠራል።

ዳካርባዚን በሁለት መንገድ ይሰጣል። አንደኛው በስኩዌር ሜትር 250 ሚሊግራም ለ5 ተከታታይ ቀናት ሆኖ በየ21 ቀኑ የሚደገም ነው፤ ለዚህች ሴት በቀን 375 ሚሊግራም ይሆናል። ሁለተኛው በስኩዌር ሜትር ከ850 እስከ 1000 ሚሊግራም በአንድ ቀን ሰጥቶ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ መድገም ነው፤ ይህም ከ1275 እስከ 1500 ሚሊግራም። የጣሊያኑ ጥናት የተጠቀመው የ5 ቀኑን ነበር። ጥሩ የማስመለሻ መከላከያ ካለ የአንድ ቀኑ ይሻላል እንላለን። ከደቅ ወይም ከቁንዝላ በጀልባ ለሚመጣ ሰው የ5 ቀን አልጋና ምግብ ከመድኃኒቱ ባልተናነሰ ይከብደዋል፣ ደም ሥሩም 5 ጊዜ ይወጋል።

ቀጠሮ ስትቆጥሩ ወራችን 30 ቀን ስለሆነ ነገሩ ቀላል ነው፤ የሚያሳስተው ጳጉሜን ነው። ነሐሴ 20 መድኃኒት የወሰደ ሰው 21 ቀኑ የሚሞላው ጳጉሜን 5 በሚሆንበት ዓመት መስከረም 6 ነው። ጳጉሜንን የዘለለ መስከረም 11 ይመጣል፣ አልጋውም ለሌላ ተሰጥቶ ያገኘዋል።

መድኃኒቱን መግዛት፣ ማጓጓዝ፣ መበጥበጥ

ዳካርባዚን ሙቀትና ብርሃን ያበላሹታል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ባለ 200 ሚሊግራም ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ውስጥ ይቀመጣል። ሆስፒታሉ ጋ ጠፍቶ ከአዲስ አበባ በዘመድ የሚላክ ከሆነ አይስ ቦክስ ግድ ነው። በረዶውን በፎጣ ጠቅልሉት፣ ብልቃጡ በረዶውን አይንካ። ካርቶኑን አትጣሉ፤ ካርቶኑ ብርሃን ይከላከላል፣ የማለቂያ ቀኑና የባች ቁጥሩም የሚታየው እዚያ ላይ ነው። ያለ ካርቶን በፌስታል የሚሸጥ ብልቃጥ በግማሽ ዋጋም ቢሆን አይገዛ። ቀትር ላይ የቆመ መኪና ውስጥ የዋለውንም ለፋርማሲ ባለሙያው ሳትደብቁ ንገሩት። መብራት በጠፋበት ሌሊት ፍሪጁ ስንት ሰዓት እንደቆመም ይመዝገብ።

ለ1500 ሚሊግራም 7 ብልቃጥ ተኩል ያስፈልጋል፤ 8 ትገዛላችሁ። ያው ቀን ዳካርባዚን የሚወስድ ሌላ ታማሚ ካለ ፋርማሲው ትራፊውን ሊያካፍላችሁ ይችላል፣ ስለዚህ ቀጠሮን ማገጣጠም ገንዘብ ያተርፋል።

ብጥበጣው የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ጓንትና ጋውን ያስፈልገዋል፣ ነፍሰ ጡር ነርስም አትነካውም። 200 ሚሊግራሙ በ19.7 ሚሊሊትር መርፌ ውሃ ሲሟሟ በ1 ሚሊሊትር 10 ሚሊግራም ይሆናል። 1500 ሚሊግራም ማለት 150 ሚሊሊትር ነውና በ250 ሚሊሊትር ከረጢት ከማጨናነቅ በ500 ሚሊሊትር 5 በመቶ ዴክስትሮስ ወይም ኖርማል ሳላይን ውስጥ ቢገባ ይሻላል። ጥሩው ፈሳሽ ቀለሙ ፈዛዛ ቢጫ ነው። ሮዝ ከሆነ ብርሃን አበላሽቶታል፣ ይደፋል። ገንዘብ የወጣበት ነው ተብሎ የሚሰጥ ሮዝ መድኃኒት አይሠራም፤ ደም ሥሩን ግን ያቃጥላል። ከረጢቱም ቱቦውም እስከ ካኑላው (ደም ሥር ውስጥ እስከሚገባው ቀጭን ቱቦ) ድረስ በፎይል ወይም በጥቁር ፕላስቲክ ይሸፈን። አስታማሚ አንድ ነገር ብቻ ልብ ይበል ከተባለ ይህን ይበል፤ ከረጢቱ ተሸፍኖ ቱቦው መስኮት ዳር ራቁቱን ተዘርግቶ መገኘቱ የተለመደ ነው።

ካኑላው ክርን መታጠፊያ ወይም የእጅ ጀርባ ላይ ሳይሆን ክንድ መሀል ባለ ወፍራም ደም ሥር ላይ ይገባ። መድኃኒቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ይወስዳል። ደም ሥሩ እየተከተለ የሚያቃጥል ከሆነ ፍጥነቱ ይቀነስ፣ ይበልጥ ይቅጠን። ካኑላው አጠገብ ካበጠ ግን ማቃጠል ብቻ አይደለም፣ መድኃኒቱ ከደም ሥር ወጥቷል ማለት ነው። ወዲያው ይቁም፣ ካኑላው ሳይነቀል የሚመጣው ያህል በሲሪንጅ ይሳብ፣ ቀዝቃዛ ነገር ይያዝበት፣ ቦታው ከብርሃን ይሸፈን። በዚያው ቱቦ ሄፓሪን ወይም ሃይድሮኮርቲዞን አብሮ አይሂድ፤ ይረጋል።

ማስመለስ

ዳካርባዚን ክፉኛ ከሚያስመልሱት ኬሞዎች አንዱ ነው፣ የሚጀምረውም ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። «ሲያስመልሰው እንሰጠዋለን» ማለት ዘግይቶ መሮጥ ነው። ከመድኃኒቱ 30 ደቂቃ በፊት ኦንዳንሴትሮን ከ8 እስከ 16 ሚሊግራም በደም ሥር፣ ዴክሳሜታዞን 12 ሚሊግራም ይሰጥ። ቀጣዮቹን 2 ወይም 3 ጠዋቶች ዴክሳሜታዞን 8 ሚሊግራም ከቁርስ ጋር፣ ማታ ማታ ደግሞ ኦላንዛፒን 5 ሚሊግራም ይታዘዛል። ኦላንዛፒን እንቅልፍ ያመጣል፣ ለዚህ ሰው ክፋት የለውም። ስኳር ያለበት ሰው ዴክሳሜታዞኑ ስኳሩን ከፍ ስለሚያደርገው ያው ሳምንት ይለካ።

ያን ዕለት ረጅም መንገድ አትሂዱ። ለ48 ሰዓት ትውከቱም ሽንቱም መድኃኒት አለበት፣ ያጸዳው ሰው ጓንት ያድርግ። የተበከለ ልብስ ለብቻው በሳሙና ሁለት ጊዜ ይታጠብ። ጣና ዳር ወይም ዓባይ ወርዶ ማጠብ ግን አይገባም። ከመድኃኒቱ በኋላ ቀትር ላይ ጃንጥላ ይያዝ፣ መድኃኒቱ ቆዳን ለፀሐይ ያስቆጣዋልና።

ትኩሳት፦ ወባ ነው ብሎ መተኛት የለም

ሰው በብዛት የሚጎዳው እዚህ ጋ ነው። ዳካርባዚን ከወሰዱ በኋላ በ1 ሳምንት ገደማ ሰውነት የሚቆረጣጥም፣ እንደ ጉንፋን የሚያደርግ ትኩሳት ሊመጣ ይችላል፤ ይህ መድኃኒቱ ራሱ ያመጣው ነው። ፕሌትሌት ከ2 ሳምንት በኋላ ዝቅ ይላል። ነጭ የደም ሴል ደግሞ ከሌሎች ኬሞዎች ዘግይቶ፣ በ3ኛውና በ4ኛው ሳምንት መካከል። በዚያ ጊዜ የሚመጣ ትኩሳት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ በሰዓታት ውስጥም ይገድላል። በዚህ ላይ ጣና ዳር፣ ፎገራ ሜዳና ደንቢያ ወባ አለ፤ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር። ሦስቱም ትኩሳት በመዳሰስ አይለዩም።

ስለዚህ ቴርሞሜትር ግዙ። ግንባር ላይ እጅ ማሳረፍ አያስተማምንም። በብብት ወይም በአፍ 38 ዲግሪ የደረሰ፣ ከ1 ሰዓት በኋላም ያልወረደ ሰው፣ ወይም አንዴም ቢሆን 38.3 ያለ ሰው ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ይሂድ። ስትደርሱ ተራ ከመያዛችሁ በፊት «ኬሞ ላይ ነው፣ በዚህ ቀን ወስዷል» በሉ። የወባ ምርመራና ሙሉ የደም ቆጠራ አብረው ይሠሩ፣ ኒውትሮፊሉ ዝቅ ብሎ ከሆነ አንቲባዮቲኩ በ1 ሰዓት ውስጥ ይጀመር። የወባው ምርመራ ፖዘቲቭ መሆኑ ሌላውን ኢንፌክሽን አያስቀርም። ወባ ተገኝቶበት ኳርተም ብቻ ተሰጥቶት ወደ ቤት የተመለሰ የኬሞ ታማሚ በግማሽ ነው የታከመው። ኳርተምና ኦንዳንሴትሮን ሁለቱም የልብ ምት ሊያዛቡ ስለሚችሉ አብረው መወሰዳቸውን ሐኪሙ ይወቅ።

ፓራሲታሞል ውጦ ማደር ትኩሳቱን ይደብቃል። ፕሌትሌት ዝቅ ባለበት ሳምንት ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን፣ ጡንቻ ላይ የሚወጋ መርፌ የለም። ድድ መድማት፣ ነስር፣ ቆዳ ላይ ቀያይ ነጠብጣብ ካለ ያው ቀን ደም ይቆጠር። የሚቀጥለው ዙር ቀን ደርሶ ኒውትሮፊሉ 1500 ካልሞላ ወደ 28ኛው ቀን ማስተላለፍ ልማድ ነው፣ ስንፍና አይደለም። ከሁሉ የሚብሰው፣ ብዙ ጊዜ የማይደርሰው ነገር፣ የጉበት ደም ሥር መዘጋት ነው፦ በቀኝ ጎን ድንገተኛ ሕመም፣ የሆድ ማበጥ፣ የዓይን ቢጫ መሆን። ያ ድንገተኛ ነው፣ መድኃኒቱም ዳግመኛ አይሰጥም።

ታሞክሲፌኑ ከታዘዘ

በጥናቱ መጠኑ በስኩዌር ሜትር 20 ሚሊግራም በቀን ነበር፤ ለ1.5 ስኩዌር ሜትር 30 ሚሊግራም፣ ማለትም ከባለ 20 ክኒን አንድ ተኩል። ብዙ ሐኪም ለሁሉም በቀን 20 ይሰጣል። በአንድ ሰዓት፣ በየቀኑ፣ ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ይዋጣል። የተረሳው ቀን ከሄደ ሄዷል፣ በማግስቱ ሁለት አይዋጥም።

ዋናው አደጋ ደም መርጋት ነው። ካንሰሩ ራሱ ደም ያረጋል፣ ታሞክሲፌኑ ይጨምርበታል። ከዚህ በፊት እግሩ ወይም ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶ የነበረ ሰው ፈጽሞ አይውሰደው። የብሽሽት እጢው ወጥቶለት እግሩ ከድሮ ያበጠ ሰው ላይ መለየቱ ያስቸግራል። የቆየው እብጠት ማታ ብሶ ጠዋት ቀለል ይላል፤ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ድንገት የገተረ፣ ባቱን ሲጫኑት የሚያም፣ የሞቀ እግር ግን የረጋ ደም ነው ተብሎ ያው ቀን በዶፕለር አልትራሳውንድ ይታይ። ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ ደረት፣ ደም የቀላቀለ አክታ ከመጣ አምቡላንስ ይጠራ። ከዳንግላ፣ ከመራዊ ወይም ከወረታ በመኪና የሚመላለስ ሰው መቀመጫው እግር የሚዘረጋበት ይሁን፣ ተቀምጦም ቁርጭምጭሚቱን ያንቀሳቅስ፣ ሽንት እፈራለሁ ብሎ ውሃ አያቁም። ቀዶ ሕክምና ከታሰበ ክኒኑ ቀደም ብሎ መቆም አለበት።

ሴቶች ላይ የወር አበባ ይዛባል ወይም ይቀራል፣ ትኩሳት የሚመስል ግለት ይመጣል። ወር አበባ ቀረ ማለት አይረገዝም ማለት አይደለም። የ3 ወር መርፌና ክንድ ላይ የሚቀበረው ሆርሞን ስለሆኑ ከዚህ ክኒን ጋር አይመከሩም፤ የመዳብ ሉፕ ወይም ኮንዶም ይመረጣል። ጥንቃቄው ክኒኑ ከቆመ በኋላም ለ9 ወር ይቀጥል፣ ጡት ማጥባትም ይቁም። ካረጠች ሴት ደም ከፈሰሰ ደግሞ የማኅፀን ምርመራ ያስፈልጋል። ዓይን ከደበዘዘ ንገሩ።

ታሞክሲፌን ሥራውን የሚሠራው ጉበት ውስጥ በአንድ ኢንዛይም ከተለወጠ በኋላ ነው። ለድብርት የሚሰጡት ፍሉኦክሰቲንና ፓሮክሰቲን ይህን ኢንዛይም ይዘጉታል። ጫትም እንደሚያዳክመው በጥናት ታይቷል። ጠዋት ክኒኑን ውጦ ከሰዓት በኋላ የሚቅም ሰው የክኒኑን ጉዳት ይሸከማል እንጂ ጥቅም ካለውም አያገኘውም።

ምግብ፣ ጾም፣ ጸበል

ደም ቆጠራው ዝቅ በሚልባቸው ሳምንታት ጥሬ ሥጋ፣ ክትፎ ለብለብ፣ ያልፈላ ወተትና የሐይቅ ውሃ ይቅር። ዓሣው በደንብ ይጠበስ። ጾምን በተመለከተ የነፍስ አባትን ማማከር ይገባል፤ ታማሚ ከጾም እንደሚፈታ ብዙ ጊዜ እነርሱው ይነግሩታል። ጸበል የሚጠመቅ ሰው መድኃኒቱን አያቋርጥ፣ ቁስሉንና ካኑላ ያለበትን ክንድ በፕላስቲክ ይሸፍን። የሚጠጣ ቅጠልና ሥር ግን ጉበትን ስለሚነካ ከኬሞው ጋር አይሄድም፤ ተጠጥቶ ከሆነም ስሙ ለሐኪሙ ይነገር። ቁጣ ፈርቶ መደበቅ የጉበት ምርመራውን ትርጉም ያሳጣዋል።

ሠራ ወይስ አልሠራም?

ከ2 ወይም ከ3 ዙር በኋላ ይለካል። ንፍፊቱን በማስመሪያ ለኩ፣ ማስመሪያው ጎኑ ተቀምጦ ፎቶ አንሡ፤ «የቀነሰ ይመስለኛል» ልብ ያሳርፋል እንጂ መረጃ አይሆንም። ሳንባውና ሆዱ በመጀመሪያው ጊዜ በተነሣበት ዓይነት ምርመራ ይታይ፣ በራጅ የተጀመረው ከሲቲ ጋር አይነጻጸርም። በዳካርባዚን እጢው የሚያንሰው ከ100 ሰው ከ10 እስከ 20 ገደማ በሚሆኑት ላይ ነው፤ ቆዳ፣ ንፍፊትና ሳንባ ላይ ያለው ከጉበት ይልቅ ይታዘዛል። ካደገ ሁለቱም ይቁሙ። ኬሞውን አቁሞ «ክኒኑ እንኳ ይቀጥል» ማለት የደም መርጋቱን አደጋ ብቻ ማስቀጠል ነው።

ገንዘብ የሚያሰባስብ ቤተሰብ ለየትኛው መድኃኒት እንደሚያሰባስብ ይወቅ። ከ2011 ጀምሮ የሜላኖማ ሕክምና ተለውጧል፤ ኢፒሊሙማብ፣ ቀጥሎም በ2014 ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሰው ካንሰሩን ያስመታሉ። በ2015 በታተመ ጥናት ኒቮሉማብ ከወሰዱት ከ100 ሰው 73ቱ አንድ ዓመት ሲሞላ በሕይወት ነበሩ፤ ዳካርባዚን ከወሰዱት 42። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ፔምብሮሊዙማብንና ኒቮሉማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር አስገብቷል። ዋጋቸው ከባድ ነው፣ ግን መሬት ተሽጦ ለአራት መድኃኒት ቅንጅት ከሚውል በፊት ጥቁር አንበሳ ላይ ሐሳብ መጠየቁ ይበጃል። የውስጥ እግር ሜላኖማ ላይ ኪት የሚባል የጂን ለውጥ ከተገኘ ለደም ካንሰር የሚሰጠው ኢማቲኒብ ሊሠራ ይችላልና የፓቶሎጂው ብሎክ (ናሙናው በሰም ውስጥ የተቀመጠበት) እንዳይጣል አስይዙ። ዳካርባዚን ጨርሶ ከጠፋ ካርቦፕላቲንና ፓክሊታክሰል አማራጭ ናቸው።

ቁስሉና ሕመሙ

ኬሞው ቢሠራም ባይሠራም የሚሸት ቁስል ሰውን ከሰው ያርቃል። ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ሟሙቶ ይታጠብ፣ ሳይፈተግ። ሜትሮኒዳዞል ክኒን ደቅቆ በቀን አንዴ ቁስሉ ላይ ሲነሰነስ ሽታው በጥቂት ቀን ይቀንሳል። ጨርቁ ሲነቀል እንዳያደማ በቫዝሊን የራሰ ጎዝ ከሥር ይደረግ። ዝንብ የሚያርፍበት ከሆነ ቀንም አጎበር ውስጥ ይተኛ።

ለሕመም ከፓራሲታሞል ቀጥሎ ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው ትራማዶል ነው። በ1996 በታተመ ጥናት ከ100 ኢትዮጵያውያን በ29ኙ ላይ ከላይ የጠቀስነው፣ ታሞክሲፌንን የሚለውጠው ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ ተገኝቷል። እነዚህ ሰዎች ትራማዶልንና ኮዴይንን በጣም ፈጥነው ስለሚለውጡ በትንሽ መጠን ሊያንቀላፉ፣ ትንፋሻቸው ሊዘገይ ይችላል። የመጀመሪያው መጠን ትንሽ ይሁን፣ ታማሚው በዚያ ሌሊት ብቻውን አይተኛ። ሞርፊን በዚህ ኢንዛይም አይመራም። በአፍ የሚወሰደው ከ2.5 እስከ 5 ሚሊግራም ተጀምሮ በየ4 ሰዓቱ ይሰጣል፣ ሕመሙ እስኪነሣ አይጠበቅም። ሆድ ማድረቁ ስለማይቀር ቢሳኮዲል 5 ሚሊግራም ማታ ማታ ከመጀመሪያው ቀን አብሮ ይታዘዝ። የሞርፊኑን ብልቃጥ ሕፃናት ከማይደርሱበት አስቀምጡ፣ በተሰጠ ቁጥር ሰዓቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ አስታማሚ በተቀያየረ ጊዜ ሁለት ጊዜ እንዳይሰጥ።